ጠጉር ከማስተከል አስቀድሞ መላጨት ይገባልን?

«ማን ይናገር የነበረ፥ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። እኛም ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከሌላ ሰው የሰማነውን ሳይሆን በገዛ ራሳችን ላይ የደረሰውን ነው። «በገዛ ራሳችን» ስንልም እንደ ልማዱ «በእኛ ላይ» ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ጠጉር በሚበቅልበት፥ ቆብ በሚደፋበት በእውነተኛው ራሳችን ላይ ማለታችን ነው። አማርኛ ለመማር የሚደክሙ ወዳጆቻችን እንደሚያውቁት፥ «ራስ» የሚለው ቃል በቋንቋችን የአካልን ክፍልም የሰውን ማንነትም ይገልጻል። ስለዚህ ራሱን የተላጨ ሰው ጠጉሩን ብቻ እንዳልተላጨ ከዚህ ቀጥሎ ይታያል።

መኖሪያችን በሐርጌሳ ከተማ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ወረዳ ነው። ከአገራችን ወጥተን በዚህች ከተማ በአንድ ነጋዴ ዘንድ የሒሳብ ሥራ ከያዝን ስድስት ዓመት ሆኖናል። ዕድሜያችን ገና ሠላሳ ስምንት ነው፤ ነገር ግን ግንባራችን ከሠላሳ ዓመታችን ጀምሮ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፥ አናታችንም እየሳሳ ስለ ሄደ የሠፈሩ ጎረምሶች «አዴር» እያሉ ይጠሩን ጀመር። «አዴር» በሶማልኛ «አጎት» ማለት ሲሆን ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነውና ሊከፋን አይገባም ነበር። ሆኖም አንድ ቀን በገበያ መካከል፥ የሽልንግ ገንዘቡን እንደ ጡብ ከምሮ የተቀመጠ፥ ጺሙን በሂና ያቀላ፥ በዕድሜም ከእኛ የሚበልጥ ገንዘብ መንዛሪ «አዴር» ብሎ በጠራን ጊዜ፥ የመነዘረልንን ገንዘብ እንኳ ሳንቈጥር ወደ ቤታችን ተመልሰን ከመስተዋት ፊት ቆምን።

ቀድሞ በአገራችን ያላገቡ ልጃገረዶች መኻል አናታቸውን ተላጭተው ዙሪያውን ጠጉር ያሳድጉ ነበር፤ ይህም ሳዱላ ይባላል። በመስተዋቱ ውስጥ ያየነው ራስ ምላጭ ሳይነካው ሳዱላ ሆኖ ነበር። ባለቤታችን «እኔ ያገባሁት ሰውን ነው እንጂ ጠጉርን አይደለም» ብትለንም ልባችን አላረፈም። የልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ እንዳይነካ እየተጠነቀቅን ሁለት ዓመት ያህል ጥቂት በጥቂት ገንዘብ አጠራቀምን፤ ከዚያም ከብዙ አገር ብዙ ሰው ለዚህ ጉዳይ ወደሚሄድባት ወደ ኢስታንቡል ከተማ ለመሄድ ቆረጥን።

የመሄጃችን ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ አሳብ መጣብን። «ሐኪሙ መላጨቱ ካልቀረ እኛው ተዘጋጅተን ብንደርስ ምን ይጎዳል?» አልን። ወዲያውም ከቤታችን አጠገብ ወዳለው ጠጉር ቆራጭ ገብተን ራሳችንን በምላጭ ሙልጭ አድርገን ተላጨን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከጠጉር ቆራጩ ቤት ስንወጣ አንድ ሐጂ የሆኑ ሽማግሌ ጎረቤታችን አገኙንና እየሳቁ እጃችንን ጨበጡን። በእስልምና ሥርዐት ሐጅ ወይም ዑምራ የፈጸመ ወንድ ጠጉሩን ይላጫል ወይም ያሳጥራል፤ የሕፃን ልጅም ጠጉር በተወለደ በሰባተኛው ቀን ይላጫል። ስለዚህ በአሕመድ ዳጋህ የተላጨ ራስ ብዙ ጊዜ የደስታ ምልክት ነው። ሽማግሌውም እኛ ለሐጅ የምንሄድ ሰዎች እንዳልሆንን እያወቁ «እንኳን ደኅና ገባህ! የዘምዘሙ ውሃ ወዴት አለ?» ብለው ቀለዱብን። እኛም ስቀን ወደ ቤታችን ገባን።

በዚያው ማታ ደሴ ወዳሉት እናታችን ስልክ ደወልን። የዛሬው ስልክ ድምፅን ብቻ ሳይሆን መልክንም የሚያሳይ ነውና፥ እናታችን ፊታችንን ገና ሲያዩ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ። እኛ የቤቱን ጣራ እያየን ድምፃቸውን ብቻ ሰማን። «ማን ሞተብን? ልጄ፥ አትደብቀኝ! ከልጆቹ ማንኛው ነው?» እያሉ ይጮኹ ነበር። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። ባለቤታችንና ሁለቱ ልጆቻችን አንድ በአንድ በስልኩ ፊት ቀርበው «ደኅና ነን» እስኪሉ ድረስ ልቅሶው አልቆመም።

እናታችን የሚወቀሱበት ነገር የለም። በአገራችን ኀዘን ሲደርስ፥ እንደየአውራጃው ልማድ፥ ወንዱ ጺሙን ያሳድጋል ወይም ራሱን ይላጫል፤ ሴቲቱም ጠጉርዋን ትላጫለች። መርዶም በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሎች ተሰብስበው፥ ማለዳ ሄደው፥ ሰውዬውን አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። እስከዚያው ድረስ ሁሉም ያውቃል፥ ሁሉም ይደብቃል። እንግዲህ እናታችን የተላጨ ራስና የግድ ፈገግታ በአንድ ፊት ላይ ባዩ ጊዜ፥ ነገሩን በሚያውቁት ቋንቋ አነበቡት። በአሕመድ ዳጋህ የምሥራች የሆነው ራስ ደሴ ሲደርስ መርዶ ሆነ።

ልቅሶው ከበረደ በኋላ እናታችን ጥቂት ዝም ብለው «ለአባትህ እንኳ አልተላጨህም ነበር» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም መልስ አጣን።

አባታችን ያረፉት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ቀብር ለሩቅ ሰው አይቆይምና፥ በቶጎ ውጫሌና በጅግጅጋ በኩል ተጉዘን ደሴ ስንደርስ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እናታችንን ጠጉራቸውን ተላጭተው፥ ጥቁር ለብሰው አገኘናቸው። ወንድሞቻችንም ተላጭተው ነበር። እኛ ግን ቆባችንን ሳናወልቅ ሰነበትን። ዘመዶቻችን ከመንገድ ድካም የተነሣ ረስተነው መስሏቸው ይሆናል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አልነበረም። ብንላጭ ራሰ በራነታችን በለቀስተኛው ሁሉ ፊት የሚገለጥ መስሎን አፍረን ነው። ይህን ለባለቤታችን እንኳ ሳንናገር ዓመት ከቈየን በኋላ፥ ያ ለአባታችን የነፈግነው ራስ ለመልካችን ሲባል በአንድ ሰዓት ውስጥ ተላጨ።

ልባችን ከብዶን ወደ ኢስታንቡል ሄድን። በተላጨን በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ መብራቱን ወደ ማጅራታችን አስጠግቶ ተመለከተና በአስተርጓሚ «ማን ላጨዎት?» ሲል ጠየቀን። «በፈቃዳችን ተላጭተን መጣን» አልነው። ማጅራታችን በምላጭ ጭረትና በብጉር ተሞልቶ ነበር። ሐኪሙም ቁስሉ እስኪሽር፥ ጠጉራችንም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪረዝም ድረስ እንደማይነካን ነገረን። ጠጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ሆነ። የትኬታችን ገንዘብ በከንቱ ቀረ፤ ጥፋቱም የእኛው እንጂ የሌላ የማንም አልነበረም።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተማሪዎች አንድ ነገር እናስታውሳለን። በቋንቋችን «ተላጨ» የሚለው ግስ «ራሱን በራሱ ላጨ» ማለትም ይሆናል፥ «ሌላ ሰው ላጨው» ማለትም ይሆናል። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠቀልላቸው ሐኪም ግን አጥብቆ ይለያቸዋል። ሐኪሙ አይቶ፥ ለክቶ፥ በራሱ መሣሪያ የሚያሳጥረው አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛው ከቤቱ ተላጭቶ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። የእኛ ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጋችን ነበር።

የልዩነቱ ምክንያት እንዲገባ፥ የጠጉር ተከላ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንናገር። የብዙ ወንዶች ራስ የሚመለጠው ከወላጆች በሚወረስ ጠባይ ምክንያት ነው፤ የግንባርና የአናት የጠጉር ሥር በወንድ ሆርሞን ኃይል እየቀጨጨ ይሄዳል፤ የማጅራትና የጆሮ ግንድ ጠጉር ግን ይህን ኃይል ይቋቋማል። በጃፓን አገር ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ በእሳት ለተቃጠለ ራስ ጠጉር ስለ መትከል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1939 ጻፈ። በኒው ዮርክ ከተማም ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1952 ለራሰ በራ ሰው ጠጉር ተከለ፤ በ1959 ባሳተመው ጽሑፍም ከማጅራት የተነሣ ጠጉር አናት ላይ ቢተከል የማጅራትነት ጠባዩን ይዞ እንደሚኖር አስረዳ። እንግዲህ ተከላ አዲስ ጠጉር አይፈጥርም፤ ያለውን ከስፍራ ወደ ስፍራ ያዛውራል እንጂ። የሚዛወረውም ቍጥር የተወሰነ ስለሆነ እንደ ዘር እህል በቍጠባ ይያዛል።

ስለዚህም ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ጠጉሩን በቁመቱ ማየት ይፈልጋል። የትኛው ወፍራም፥ የትኛው የቀጨጨ እንደሆነ፥ ራሰ በራነቱ እስከ ወዴት ሊደርስ እንደሚችል፥ ጠጉሩ ወዴት አቅጣጫ እንደሚተኛ የሚያውቀው ከዚህ ነው። ምላጭ ይህን ሁሉ ምስክር ጠርጎ ይወስዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ቆዳው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ ለቀዶ ሕክምና ሲባል ጠጉር ባይነሣ እንደሚሻል፥ የግድ ከሆነም በመቁረጫ መኪና ብቻ እንዲነሣ፥ በምላጭ መላጨት ግን ፈጽሞ እንዳይደረግ አጥብቆ ይመክራል። ምላጭ ዓይን የማያየውን ጭረት ይፈጥራልና ለመመረዝ በር ይከፍታል። እንደ እኛ ያለ የተጠቀለለ ጠጉር ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ በምላጭ ተቆርጦ የሾለው ጠጉር ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባና ብጉር ያወጣል፤ በማጅራት ላይም ሲደጋገም ጠንካራ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ማጅራት ማለት ዘሩ የሚነሣበት መደብ ነው። በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው ሲላጭ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ እንደሚችልም መርሳት አይገባም።

ታዲያ ሐኪሙ ራሱ ሁልጊዜ ያሳጥራልን? ይህስ እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት ዘዴ እያንዳንዱን የጠጉር ሥር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላት ክብ ስለት ማንሣት ነው። ለዚህም ጠጉሩ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲያጥር ይደረጋል፤ የቀረችው ጉቶ ሥሩ በቆዳ ውስጥ ወዴት እንዳዘነበለ ታመለክታለችና። የሚተከለው ብዙ ከሆነ ራስን በሙሉ በመኪና ማሳጠር ሥራውን ያቀላጥፋል፤ ኋላም ቅርፊቱን ለማጠብ ይመቻል። የሚተከለው ጥቂት ከሆነ ግን ከኋላ ብቻ፥ ረዥሙ ጠጉር በሚሸፍነው ስፍራ፥ እንደ መስኮት ከፍቶ ማሳጠር ይበቃል። ሳያሳጥሩ የሚሠሩም አሉ፤ ሥራው ግን ረዥም ጊዜ ይወስዳል፥ ዋጋውም ይጨምራል። ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ሰቅ የሚወሰድበት የቀድሞው ዘዴ ደግሞ ከሰቁ በቀር ሌላ ጠጉር እንዲቆረጥ አያስገድድም፤ ነገር ግን ጠጉርን በጣም ባሳጠሩ ጊዜ የሚታይ የመሥመር ጠባሳ ያስቀራል። ለሴቶች ብዙ ጊዜ ራስን በሙሉ ማሳጠር አያስፈልግም።

በሁለቱ ወር መካከል በአዲስ አበባ ስናልፍ አስቀድመን ማድረግ የሚገባንን አደረግን፤ ማለት የቆዳ ሐኪም አማከርን። የጠጉር መርገፍ ሁሉ በተከላ አይድንምና። ላሽና ቆረቆር የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ ከደም ማነስ ወይም ከእንቅርት ዕጢ ችግር የሚመጣ መርገፍም አለ፤ ሹሩባ አጥብቀው ከመሠራት የሚመጣም አለ። የአገራችን ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ዛሬ በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው። ያየን ሐኪምም የተጠቀለለ ጠጉር ከቆዳ በታችም ስለሚታጠፍ ስለቱ ሥሩን እንዳይቆርጠው ልምድ ያለው እጅ እንደሚያስፈልግ፥ ጠባሳችን የሚያብጥ ዓይነት መሆን አለመሆኑንም ለሚተክልልን ሐኪም መንገር እንደሚገባ አስረዳን።

ከዚያም ደሴ ሄድን። በዚህ ጊዜ ስልክ አልደወልንም፤ በእግራችን ሄደን ከእናታችን ፊት ተቀመጥንና ሁሉንም ነገርናቸው። ራሳችን እንደገና እንደሚላጭ፥ ለምን እንደሚላጭ፥ ስንት ቀን ቀልቶ ቅርፊት ይዞ እንደሚሰነብት፥ ለአባታችንም ያልተላጨነው ከምን የተነሣ እንደሆነ ተናገርን። የመጨረሻውን ስንናገር ዓይናቸውን ማየት አልቻልንም።

እናታችን ብዙ ከቈዩ በኋላ «አባትህ እኮ ገና በሠርጋችን ቀን ራሰ በራ ነበሩ» አሉ። «ራሰ በራ» ማለት ቃል በቃል ሲፈታ «ራሱ የበራ» ማለት ነው። «ሚዜዎቻቸው እየቀለዱባቸው እሳቸው ከሁሉ ይልቅ ይስቁ ነበር። እኔ ያንን ግንባር እወደው ነበር። አንተ ላይ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር እንጂ የሚያሳፍር መሆኑን አላወቅሁም።» ቀጥለውም «የወደድኸውን አድርግ፤ ግን ግንባርህን ሁሉ አትሸፍነው» አሉን።

ኢስታንቡል ስንደርስ ይህን ቃል በአስተርጓሚ ለሐኪሙ ነገርነው። ሐኪሙም ፈገግ ብሎ እሱም ይህንኑ ሊመክረን እንደ ነበረ ነገረን፤ ግንባርን እንደ ጎረምሳ ዝቅ አድርጎ የሚያስተክል ሰው የተወሰነውን ዘር ፊት ለፊት ይጨርስና፥ አናቱ ኋላ ሲሳሳ የሚሞላበት ያጣል። ጠጉራችን በቁመቱ ስለ ነበረ የቀድሞውን መሥመር አይቶ ከፍ ባለ ስፍራ በቀለም አሰመረልን። ከዚህ በኋላ ረዳቱ ቶንዶስ የሚባለውን የጠጉር መቁረጫ መኪና አንሥቶ ራሳችንን በሙሉ አሳጠረው። የሚተከለው ብዙ ስለ ነበረ ይህን የመረጥነው እኛው ነን። ጠጉራችን በጉልበታችን ላይ ሲረግፍ አባታችንን አሰብን፤ ያ ሰዓት ምንም እንኳ ዘግይቶ ቢሆን የእሳቸውም ሆነልን።

የቀረውን በአጭሩ እንጨርስ። ቅርፊቱ በዐሥር ቀን ውስጥ ረገፈ። በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ጠጉር ራሱ ረገፈ፤ ሥሩ ግን እንዳለ ነውና አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በከንቱ ይደነግጣል። በአራተኛው ወር እንደ ሕፃን ጠጉር ቀጭን ሆኖ ብቅ አለ። አሁን ዐሥራ አንደኛ ወራችን ነው፤ ሙሉ ውጤቱ ከዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ይታያል ተብለናል። በሐርጌሳ ፀሐይና አቧራ ብርቱ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰፋ ባለ ባርኔጣ፥ ከፀሐይ ተከልለን አሳለፍን።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጠጉር ለማስተከል የሚሄድ ሰው ከቤቱ ተላጭቶ አይሂድ። ጠጉሩን እንዳለ ይዞ ይቅረብ፤ ምን ያህል እንደሚያጥር፥ ከወዴት ወዴት እንደሚያጥር፥ የማይታይ ሥራ ከፈለገም ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የሚያሳጥረውም ሐኪሙ በመኪና እንጂ ጠጉር ቆራጭ በምላጭ አይሁን። ወደ አገሩም ተላጭቶ ከመታየቱ በፊት እናቱ እንዳትደነግጥ አስቀድሞ ይንገራት።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ገንዘብ መንዛሪ አግኝተነው ነበር። ቆባችንን አውልቀን ሰላምታ ሰጠነው። እሱም ቀና ብሎ አየንና ገንዘባችንን እየቈጠረ «ሰላም ነው፥ አዴር?» አለን። እኛም «ሰላም ነው» ብለን የሰጠንን ቈጥረን ተቀበልን።